ለእንግዳ የመሄጃ ዜማ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚያናግረኝ በ«ነበር» ነው። ጨዋ ነበር፣ ሳቂታ ነበር፣ እንዲህ ይል ነበር። አልከፋም፤ እኔም በ«ነበር» እመልሳለሁ። ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ ግን ጥቂት ልረፍ ብዬ ደብረ ታቦር፣ እናቴ ትታልኝ ወደሄደችው ቤት መጣሁ። ጓሮ ያለችውን ክፍል አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተከራይታዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የዋለው ዝናብ ድንገት ጸጥ ሲል፣ የስልኳ ድምፅ በግድግዳው በኩል ተሰማኝ። ስልኩ ይላል፤ እሷ ትደግማለች።

«ዥ ቬ ፓርቲር። ቱ ቫ ፓርቲር።»

የምትደግመው እንደሰለቸው ሰው፣ ደረቅ አድርጋ ነው። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና፣ ሳላስበው፣ ወገቤን ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ የቀረውን በዜማ ጨረስኩት። «ኢል ቫ ፓርቲር፣ ኑ ዛሎን ፓርቲር፣ ቩ ዛሌ ፓርቲር፣ ኢል ቮን ፓርቲር።»

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«እማማ፣ ፈረንሳይኛ ያውቃሉ እንዴ?»

«አላውቅም ልጄ። ልሄድ ነው ማለት ብቻ ነው የማውቀው።»

«ዜማውንስ ከየት አመጡት?»

ቆመው የሚመልሱት ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ።

አያ ተገኘ የእናቴ አጎት ናቸው። በልጅነታቸው ከቤታችን ቁልቁል ካለው ቤተ ክርስቲያን የድጓ ተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን የለመኑትን ደረቅ እንጀራ፣ ኮቸሯቸውን እንደያዙ ጠፍተው፣ አገር አቋርጠው ድሬዳዋ ገቡና ዕድሜያቸውን የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ሆነው ጨረሱት። በደርግ ጊዜ ጡረታ ሲወጡ የአባታቸውን ቤት ሊያቀኑ ብቻቸውን ተመለሱ። ሲመጡ የባቡር ኮፍያ አድርገው ነበር፤ ሲያርሱም አያወልቁትም። እኛ ልጆች ስለ ባቡሩ እየጠየቅን እንቅልፍ እንነሳቸው ነበር። ውሃ ይጠጣል፣ ከሰል ይበላል፣ ይጮሃል ብለው ስለነገሩኝ እኔ ባቡርን የጎሽ ዓይነት አውሬ አድርጌ ነበር የማስበው። ድሬዳዋ የምትሞቀውም በትንፋሹ ይመስለኝ ነበር።

ሚስታቸው እትዬ ማሪ ድሬዳዋ ቀርተዋል። ተወልደው ጅቡቲ፣ ያደጉትም በፈረንጅ መነኮሳይት እጅ ነው። በአንድ ክረምት መግቢያ፣ ጭነት ይዞ የመጣ አንድ ሾፌር የቃል መልእክት አደረሰ። እናቴ ቆማ ሰምታው ስለነበር ሁላችንም አወቅነው። «አንድ ክረምት እመጣለሁ። ከቻልኩት እኖራለሁ። ካልቻልኩት ለመስቀል እመለሳለሁ፤ ያኔ ተከተለኝ አልልህም፣ አንተም ቅሪ አትበለኝ።»

ጎረቤታችን እቴ አዛለች ይህን ስትሰማ ሳቀች። «የቆላ ሰው? በዚህ ብርድ? ቡሄን ከተሻገረች እኔ ጠጉሬን ልላጭ!»

አያ ተገኘ ግን አልሳቁም። ከዚያ አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

«የሺ፣ ነይ እስቲ። ምላስሽ ቀልጣፋ ነው ይላሉ።»

«ማን ነው ያለው?»

«እናትሽ ናታ። ስትሰድብሽ።»

ከአጠገባቸው አስቀመጡኝና እንደ ትልቅ ሰው አወሩኝ። «ሚስቴ በአማርኛ ትገበያያለች፤ ትጣላበታለችም። የምትስቀው ግን በፈረንሳይኛ ነው። እዚህ አገር በፈረንሳይኛ የሚያስቃት ከኔ በቀር ማን አለ? እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፤ ቀልዴን ሁሉ ታውቀዋለች። አንድ አፍ ያስፈልገኛል። የልጅ አፍ።»

«ምን ብዬ ላስቃቸው?»

«መጀመሪያ ቃሉ ይያዝ። ትርጓሜው ኋላ ይመጣል።»

ይህ ለኔ እንግዳ ነገር አልነበረም። ከቤታችን ቁልቁል ያሉት ተማሪዎችም እንዲሁ ነበሩ፤ ዳዊቱን በቃላቸው ያንበለብሉታል፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን ጢም ሲያወጡ ነው የሚነገራቸው። ትርጓሜ የትልቅ ሰው ነገር ነው። ስለዚህ አልጠየቅኩም።

እሳቸው ራሳቸው ጣቢያው ውስጥ መጀመሪያ የተማሩት ፓርቲርን ነበር። አለቃቸው የነበረ ፈረንጅ፣ ባቡሩ ሊነሳ ሲል እየጮኸ ያስጠናቸው ነበር አሉ። እሳቸው ደግሞ ጩኸቱን ትተው በልጅነታቸው የለመዱት ዜማ ውስጥ አስገቡት። እዚያ ጎጇቸው ውስጥ፣ ዝናቡ ከክዳኑ እየተንጠባጠበ፣ እሳቸው በመቋሚያ መሬቱን እየመቱ፣ እኔ እየተወዛወዝኩ ያዝኩት። ዥ ቬ ፓርቲር። ቱ ቫ ፓርቲር። ኤል ቫ ፓርቲር። የመጨረሻውን ቃል ረዘም አድርገን እናወርደዋለን። በየመስመሩ መጨረሻ ስለሚመለስ እኔ በልቤ እንደ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ቆጠርኩት። መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለጎረቤት፣ ቀጥሎ ለሁሉም የሚለመን ልመና ይመስለኝ ነበር። ደስ ይል ነበር።

እኔ የያዝኩትን ቦኖ ላይ ውሃ ስንጠብቅ ለጓደኞቼ አስተማርኳቸው። እንስራችንን ተደግፈን ስናወርደው የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ቆመና አዳመጠ።

«ስለ ፓርቲው ነው የምትዘምሩት?» አለ።

«አዎ» አልኩት።

«በርቱ።»

አያ ተገኘ ትርጓሜውን ሊነግሩኝ ያሰቡት ቡሄ ሲቃረብ ነበር። እትዬ ማሪ ለቡሄ ይደርሳሉ ተብሎ ነበርና። ነገር ግን የፍልሰታ ጾም እንደተያዘ፣ ጉም ከተማውን በሸፈነበት ቀን፣ አንድ ልጅ እየሮጠ መጣ። «የአያ ተገኘ ሚስት አውቶቡስ ላይ ናቸው! ወረታ ላይ ያያቸው ሰው አለ!»

አያ ተገኘ ኮፍያቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ የቦኖውን ልጆች ሁሉ ሰበሰብኩ። አውቶቡሱ ጭቃ ጠግቦ፣ እያቃሰተ ቆመ። በሩ ሲከፈት ረጅም፣ ቀጭን ሴት፣ ስስ የቆላ ቀሚስ ላይ የወንድ ካፖርት ደርበው፣ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አደረጉ። እኔ እጄን አነሳሁ። ልጆቹ ሁሉ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ በአንድ ድምፅ አወረዱት።

«ቱ ቫ ፓርቲር! ኤል ቫ ፓርቲር! ቩ ዛሌ ፓርቲር!»

እትዬ ማሪ እግራቸውን ወደ ላይ መለሱ። እኛን አዩ፣ አያ ተገኘን አዩ። አያ ተገኘ መቋሚያቸውን ወደኛ እያወዛወዙ ነበር፤ እኔ ግን ዜማውን እየመሩልን መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«እማማ፣ ይውረዱ እንጂ! ሰው ከኋላ አለ!» አለ ረዳቱ።

ወረዱ። ሻንጣቸውን ጭቃው ላይ አስቀመጡና ላዩ ላይ ተቀመጡበት፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ያለቀሱ ይሁን የሳቁ አላወቅኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ አያ ተገኘን እጃቸውን ጎተትኩ። «አያ፣ አላማራቸውም?»

«ኧረ ዜማው አምሮ ነበር።»

«ታዲያ ምን አልኳቸው?»

«'ልትሄጂ ነው' አልሻት። 'እሷ ልትሄድ ነው፣ እናንተ ልትሄዱ ነው።'»

«ለመጣ ሰው?!»

«ለመጣ ሰው።»

እናቴ ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ!» እቴ አዛለች ደግሞ ሰፈሩን ዞራ አዳረሰችው። «ሟርት ነው! ገና እግሯ መሬት ሳይነካ ሂጂ ተባለች። በፈረንሳይኛም ቢሆን ሟርት ሟርት ነው።» እኔ በዚያ ጾም እንደጸለይኩት አጥብቄ የጸለይኩበትን ጊዜ አላስታውስም። የጸለይኩትም ያ ቃል ወደ አፌ እንዲመለስ ነበር።

እትዬ ማሪ ለቀናት ከቤት አልወጡም። ያመጡትን ልብስ ሁሉ ደራርበው እሳቱን ታቅፈው ይውላሉ ይባላል። ከዚያ አንድ ጠዋት እናቴ የተልባ ፍትፍት አስይዛ ላከችኝ። በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከጭሱ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«አንተ ነህ መዘምሩ?»

ወንድና ሴት ይቀላቀልባቸው ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር፤ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም። «እኔ ነኝ።»

«ና ተቀመጥ። ማን አስተማረህ?»

«አያ ተገኘ።»

«ምን ማለት እንደሆነስ?»

«ኋላ ይመጣል ብለውኝ ነበር።»

«ኋላ!» ወደ አያ ተገኘ ዞሩ። «ሁልጊዜ ኋላ! እኔንም ሲያገባ እንዲሁ ነው ያደረገው። መጀመሪያ እሺ በይ፣ ትርጓሜው ኋላ!» ሳቁ። ሳቃቸው ወፍራም ነበር፤ ከዚያ ቀጭን አካል የማይጠበቅ።

ትምህርቱን ከዚያ ቀን እሳቸው ያዙት። የሳቸው አስተማማር ግን የተገለበጠ ነበር፤ መጀመሪያ ነገሩ፣ ከዚያ ቃሉ። የገብስ ቆሎ በእጃቸው ዘግነው ወደ አፋቸው እያስጠጉ «ዥ ቬ ማንዤ» ይላሉ፤ እስክደግመው ድረስ አይበሉም፣ እኔንም አያስበሉኝም። ቅሉን አንስተው «ዥ ቬ ቡዋር»። ጭንቅላታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው «ዥ ቬ ዶርሚር»። ሰው አንድ ነገር ሊያደርግ ሲል አስቀድሞ ይናገር፤ የቤቱ ሕግ ይህ ሆነ። አያ ተገኘ መጥረቢያ ይዘው በሩ ላይ ይቆሙና «ዥ ቬ... እንጨት!» ብለው ይወጣሉ። እኔም እትዬ ማሪን አማርኛ አስተምራለሁ፤ ሴት «አንቺ»፣ ወንድ «አንተ»፣ ሽማግሌ «አንቱ»። የመጨረሻውን ሲሰሙ «ለላምስ ሌላ አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እናቴ መጀመሪያ «ሥራ ይሠራል እንጂ ይለፈለፋል እንዴ?» ትል ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ነጠላዋን እያጣፋች «ዥ ቬ ገበያ» ስትል ያዝኳት።

ፓርቲርን ግን ማንም አላነሳውም። ሁላችንም እንደ ቀዳዳ ወለል ዞረነው እናልፍ ነበር።

የቡሄ ዕለት ጠዋት እኔ ሙልሙል ይዤ እዚያው ነበርኩ። ወንዶቹ ልጆች ገና ከሩቅ ጅራፋቸውን ማጮህ ጀመሩ፤ አንዱ ከወዲያኛው ተራራ፣ ሌላው ከታች ሜዳ ይመላለሳሉ። የመጀመሪያው ጅራፍ ሲጮህ እትዬ ማሪ በእጃቸው የነበረውን ሰሃን ጣሉ። ሁለተኛው ሲጮህ እኔን ጎትተው ከበሩ ኋላ አስገቡኝና ጭንቅላቴን በሆዳቸው ሸፈኑት። ልባቸው ሲመታ ጆሮዬ ላይ ይሰማኛል። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ተኩስ የሰሙ ሰው ናቸው። እኔ ይህን አላወቅኩም፤ ቡሄን የሚፈራ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ጅራፍ ነው! እትዬ ማሪ፣ ጅራፍ ነው! ዳቦ ነው የሚፈልጉት!»

አያ ተገኘ እየሮጡ መጥተው ከበሩ ኋላ አወጡን። ልጆቹ ደጁ ላይ ቆመው ሆያ ሆዬ ሲሉ እትዬ ማሪ ሙልሙሉን አደሏቸው፤ አንዱንም አልዘለሉም። ልጆቹ ሲሄዱ ግን መደቡ ላይ ተቀመጡና ለአያ ተገኘ በፈረንሳይኛ ብዙ ተናገሩ። ቃሉ እንደ ጎርፍ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔ የለየሁት አንድ ብቻ ነው። ፓርቲር። አያ ተገኘ ኮፍያቸውን አወለቁ። ከኮፍያው በታች ያለውን ራሰ በራቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ጸጥ አለ። እኔ እሄዳለሁ፤ እንበላለን፣ እንጠጣለን፣ አስቀድመንም እንናገራለን። ነገር ግን አያ ተገኘ የሚስታቸውን ፊት ልክ የባቡር መነሻ ሰዓት እንደሚያይ ሰው ያዩት ነበር።

ጳጉሜ ገባች። የሩፋኤል ዕለት ሰማዩ ገና ከጠዋቱ ጠቆረ። ዝናቡ ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች ልብሳችንን ጥለን ወጣን። በዚያ ቀን የሚዘንብ ዝናብ ጠበል ነው፤ የተጠመቀበት ያድጋል። ጭቃው ላይ እየዘለልን «ሩፋኤል አሳድገኝ! ሩፋኤል አሳድገኝ!» እንላለን። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። እትዬ ማሪ ካፖርታቸውን ደርበው በራቸው ላይ ቆመው አዩን።

«ምን ስጠኝ ነው የምትለው?» አሉኝ።

«ማደግ!»

«እኔ አድጌ ጨረስኩ። እኔስ ምን ልበል?»

እናቴ ከራሷ ደጅ፣ ዝናቡ ነጠላዋን አጣብቆባት፣ ጮኸች። «አክርመኝ ይበሉ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ክረምቱን አሳልፈኝ፣ ለከርሞ አድርሰኝ ማለት ነው!»

እትዬ ማሪ ቃሉን በአፋቸው ውስጥ አገላበጡት። ከዚያ ካፖርቱን አውልቀው በሩ ላይ ሰቀሉና፣ በዚያች ስስ ቀሚስ፣ በባዶ እግራቸው ወደ ዝናቡ ወጡ። ጮኹ። ብርዱ ነው ያስጮኻቸው። ግን አልተመለሱም። እጃቸውን ዘርግተው እንደኛ ዘለሉ። «ሩፋኤል አክርመኝ!» እቴ አዛለችም ጋቢዋን ጥላ ወጥታ ነበር።

«አዛሉ፣ ቡሄ አለፈኮ!» አለች እናቴ። «ምላጭ ላምጣልሽ?»

«ቆይ እንጂ፣ ለመስቀል ትሄድ የለ እንዴ? ጠጉሬን ለምን በችኮላ?»

ያ ቃል ዝናቡ ውስጥ ቀዝቅዞ ቀረ። እትዬ ማሪ ሰምተው ይሁን አይሁን አላወቅኩም፤ መዝለላቸውን አላቆሙም።

በሁለተኛው ቀን አደባባዩ ላይ ጭነት ያራገፈ መኪና ቆሞ ነበር። እቴ አዛለች ከገበያ ስትመለስ ወሬውን ይዛ ገባች። «እትዬሽ ሾፌሩን ይዛ ስታወራ ነበር። በጣቷ እያሳየች፣ ይህን ያህል ይረዝማል፣ ይህን ያህል ይከብዳል እያለች። የሻንጣዋን ቦታ ነው የምታስይዘው።» እኔ ለአያ ተገኘ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ሰምተው ኖሮ ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሻ መዋል አበዙ።

አዲስ ዓመት አለፈ። ሜዳው አደይ ለበሰ፤ የገብሱ ዛላ ጎነበሰ፤ መንገዱም ጠጠረ። ለመስቀል ደመራ እንጨት ሲለቀም አንድ ጠዋት እትዬ ማሪ ሲመጡ ያደረጉትን ጫማ አድርገው ጠሩኝ።

«የሺ፣ ነይ። አውቶቡስ ጋ እንሂድ።»

«ነይ» ብለው በትክክል መናገራቸው እንኳ አላስደሰተኝም። አያ ተገኘ መደቡ ላይ ነበሩ። ቅሪ አትበለኝ ተብለዋል፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። «እሺ» ብቻ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መንገድ ላይ እጃቸውን ይዤ የማውቃቸውን ቃላት ሁሉ በሆዴ አመላለስኩ። መብላት አለ፣ መጠጣት አለ፣ መተኛት፣ መዝፈን። መቅረትን አላስተማሩኝም ነበር። ሻንጣቸውን አልያዙም፤ እኔ ግን አያ ተገኘ ኋላ ያመጡላቸዋል ብዬ አሰብኩ። አደባባዩ ሲታየን አልቻልኩም።

«እትዬ ማሪ፣ አይሂዱ።»

ቁልቁል አዩኝ። «ቆይ» አሉ።

ከወረታ የሚመጣው አውቶቡስ አቧራ እያነሳ ደረሰ። ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጆንያዎቹን ወረወረ፤ ከዚያ አንድ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ ነገር ጋ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«ይሄ የማን ነው? ከአዲስ አበባ ጀምሮ ወገቤን ሰበረው! ውስጡ ሰው አለ እንዴ?»

«የኔ ነው!» እትዬ ማሪ ሕዝቡን ጥሰው ገቡ። «ቀስ! ቀስ በይ አንቺ ሰውዬ!»

አደባባዩ በሙሉ ሳቀ። ረዳቱም ሳቀ። እትዬ ማሪ ዞረው አዩና ከሁሉም በላይ በዚያ ወፍራም ሳቃቸው ሳቁ። ዕቃው በገመድ ሲወርድ በእቅፋቸው ተቀበሉት። የብርድ ልብሱን ጥግ ገለጥ ሲያደርጉ ጥቁር ብረት አንገት፣ ላዩ ላይ የወርቅ ቀለም አበባ ያለው፣ ብቅ አለ።

«የስፌት መኪና!» አልኩ።

«ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛውን ልጅ ሁሉ ያለበስኩበት ነው» አሉ። «ሾፌሩን አምጣልኝ ብዬ ለምኜው ነበር።»

ሁለት ጎልማሶች በአጣና አንጠልጥለው ተሸከሙልን። በሰፈራችን ስናልፍ እቴ አዛለች አጥሯ ላይ ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የእትዬ ማሪ የስፌት መኪና ነው» አልኳት።

በለዘበ ድምፅ፣ «የቀሚሴ እጅጌ ተተርትሮብኝ ነበር... እትዬ፣ ነገ ላምጣው?» አለች።

«ነገ አምጣ» አሉ እትዬ ማሪ።

ቤት ስንደርስ አያ ተገኘ እንደተውናቸው ነበሩ፤ ጀርባቸው ወደ በሩ። ሰዎቹ ዕቃውን ወለሉ ላይ ሲያስቀምጡት ጎጆው ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ ዞሩ። መኪናውን አዩ። ሚስታቸውን አዩ።

«የት ይቀመጥ?» አሉ።

«ብርሃን ያለበት» አሉ እትዬ ማሪ።

ቤቱ አንድ መስኮት ብቻ ነበረው፤ ከሥሩ ያለው የአያ ተገኘ አልጋ ነው። ሽማግሌው ተነሱ። እጅጌያቸውን ሰብስበው የአልጋውን እግር ያዙና እያቃሰቱ ወደ ጨለማው ጥግ መጎተት ጀመሩ።

«የሺ፣ ምን ቆመሽ ታያለሽ?» አሉኝ። «በዚያ በኩል ያዢ እንጂ!»